120 ካሬ ሳር ለአክስቴ ግቢ፦ ሒሳቡ የያዘውና የሳተው

ሐምሌ መጨረሻ ላይ አክስቴ ደወሉ። ልጃቸው በጥር ትዳራለች። ድግሱ ጎንደር፣ ማራኪ ሰፈር ያለው ግቢያቸው ውስጥ ነው፣ ግቢው ደግሞ ቤቱ ከተሠራ ጀምሮ ክረምት ጭቃ፣ በጋ አቧራ ነው። «ባሕር ዳር የሚሸጥ ሳር አለ አሉ፣ ከነአፈሩ ተቆርጦ የሚመጣ። ታኅሣሥ መጨረሻ ላይ አምጥተህ ዘርጋልኝ፣ ለሠርጉ ትኩስ ይሆናል» አሉኝ።

በእሳቸው ሐሳብ ነገሩ ከቄጤማ ጉዝጓዝ ብዙም አይለይም። ለዋዜማው ይነጠፋል፣ ያምራል፣ አለቀ።

እኔ አትክልተኛ አይደለሁም። እንጀራዬ የግንባታ ዕቃ መጠን ማውጣት ነው፣ ቴክ ኦፍ የምንለው። ግድግዳ ለክቶ ስንት ብሎኬት፣ ስንት ኩንታል ሲሚንቶ እንደሚፈጅ መናገር። ሳርም ያው ነው ብዬ ገባሁበት። ግማሹ ያው ነበር። ሌላው ግማሽ ግን ሕይወት ያለው ነገር ነውና መድረቅ አለ፣ መቃጠል አለ፣ ውሃ መጠማት አለ። ብሎኬት አይጠማም።

መጀመሪያ ልኬቱ። አክስቴ በእርምጃ ለክተው 14 በ12 ብለውኛል፣ ማለትም 168 ካሬ። ለሻጩ ፎቶ ስልክለት ደግሞ «ከ160 አያንስም» አለኝ፣ በፎቶ! እኔ በሜትርና በሲባጎ ስለካው ግቢው አራት ማዕዘን እንኳን አይደለም። ፊት ለፊት ያለው ሰፊው ክፍል 11.4 በ7.5 ነው፣ 85.5 ካሬ። በጎን በኩል ወደ ማዕድ ቤቱ የሚሄደው ጠባብ ክፍል 6.2 በ3፣ 18.6 ካሬ። ከኋላ አጥሩ ሰያፍ ስለሆነ አንድ ሦስት ማዕዘን ይተርፋል፣ መሠረቱ 7.5 ቁመቱ 4.4፣ የሁለቱ ብዜት ግማሽ 16.5 ካሬ። ድምር 120.6።

ከዚህ ላይ ሳር የማይነካው ይቀነሳል። የድንጋይ መንገዱ 0.9 በ7 ሲሆን 6.3 ካሬ ይወስዳል። ከኮክ ዛፏ ግንድ ዙሪያ 80 ሳንቲ ሜትር ክፍት ተውን፣ እሱ 2 ካሬ ገደማ ነው። የሽንት ቤት ጉድጓዱ ክዳን 1.2 በ1.2፣ 1.4 ካሬ። አክስቴ ክዳኑም በሳር ይሸፈን፣ ለሠርግ አይታይ ብለው ነበር። የመምጠጫው መኪና ሲመጣ ሳሩን ልንገሸልጥ ነው ወይ ስላቸው ተዉት። የቀረው 111 ካሬ ነው።

ለቁርጥራጭ የሚባክን ደግሞ ይጨመራል። ቦታው ጥርት ያለ አራት ማዕዘን ቢሆን 5 በመቶ ይበቃ ነበር። ሰያፍ አጥርና ክብ ነገር ካለ ወደ 10 ይጠጋል። 8 በመቶ ይዤ 120 ካሬ ላይ አረፍኩ። ከሻጩ ግምት በ40 ካሬ ያነሰ ነው። የ40 ካሬ ሳር ዋጋ ለሠርግ በግ ይገዛል፣ ስንት በግ እንደሆነ አልናገርም። የዛሬ ዋጋ ለፋሲካ ስለማይሠራ እዚህ ጽሑፍ ላይ ብር አልጠራም።

ቀኑን የወሰነው ግን ሳሩ አልነበረም። ውሃው ነበር።

ሒሳቡ ቀላል ነው። አንድ ካሬ ላይ አንድ ሚሊ ሜትር ውሃ ማለት አንድ ሊትር ነው። ሳሩ በተዘረጋበት ቀን ውሃው ከሥር ያለው አፈር ድረስ መግባት አለበት፣ ለዚህ በካሬ 20 ሊትር ያዝኩ፣ 2,220 ሊትር። ከዚያ ሥር እስኪይዝ ሁለት ሳምንት ያህል፣ ዝናብ በሌለበት ፀሐይ፣ በቀን በካሬ 5 ሊትር። ይህ በቀን 555 ሊትር ነው፣ 28 ጀሪካን። በ14 ቀን 7,770። ሲደመር 10,000 ሊትር ሊሞላ ምንም አይቀረው።

አክስቴ ያላቸው አንድ ባለ 2,000 ሊትር ሮቶ ነው። ጎንደር ውስጥ ውሃ በፈረቃ መሆኑን ለጎንደር ሰው መንገር ሞኝነት ነው፣ ለከተማዋ ውሃ የሚሰጠው አንገረብ ግድብም ደለሉ እየሞላው ነው። ያቺ ሮቶ ደግሞ ቤተሰቡ የሚጠጣባት፣ የሚታጠብባት ናት። በታኅሣሥ ዘርግተን ቢሆን ኖሮ አምስት ሙሉ ሮቶ ውሃ፣ ከሠርጉ ዝግጅት ጋር እየተሻሙ፣ ጠላ ሊጠመቅ ነው ሲባል። በቦቴ እንግዛ ቢባል ደግሞ ቦቴው የሚገለብጥበት ማጠራቀሚያ የለም፣ ሮቶዋ ብቻ ናት።

ይህን በወረቀት ጽፌ አሳየኋቸው። አክስቴ ቁጥሩን አዩና «ሳር ነው እንጅ ግመል ነው እንዴ?» አሉ። ከዚያ ዝም አሉ። ከዚያ «እሽ፣ መቼ ይሁን?»

ነሐሴ አይሆንም። የእሳቸው ሰፈር መሬት ዋልካ ነው፣ ጥቁሩ የሚጣበቀው አፈር። ነሐሴ ላይ ዶማ ብታነሳ ግማሹን ግቢ ይዞ ይነሳል፣ ደረጃ ማስያዝ አይታሰብም፣ መኪናም ይሰምጣል። ከእንቁጣጣሽ በኋላ ከመስቀል በፊት ያሉት ቀናት ግን ምርጥ ናቸው። ጠዋት ፀሐይ ነው፣ ከሰዓት በኋላ አሁንም ይጥላል። ማጠጣቱን ሰማዩ ይጋራል። እስከ ጥር ደግሞ አራት ወር ገደማ አለ፣ ድንኳን የሚሸከም ሥር ያወጣበታል። ለመዘርጊያ መስከረም 14 ተቆረጠ፣ ሌላውን ሁሉ ከዚያ ወደ ኋላ እየቆጠርኩ ደረደርኩት።

አሁን ወደ አፈሩ። ሰው ሳር ሲገዛ የማያስበው ይህን ነው። የእኛ ሳር ከነአፈሩ ውፍረቱ 2.5 ሳንቲ ሜትር ነው። ከሥሩ ጥሩ አፈር 10 ሳንቲ ሜትር እንዲኖር ፈለግሁ። የግቢው መሬት ከድንጋይ መንገዱ ጋር እኩል ስለነበር፣ ሳሩ ከመንገዱ በላይ እንዳያብጥ 12.5 ሳንቲ ሜትር መቆፈር ግድ ሆነ። 111 ሲባዛ በ0.125፣ ወደ 14 ሜትር ኪዩብ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር አለ። የተቆፈረ አፈር ያብጣል። መሬት ውስጥ 14 የነበረው ሲወጣ 18 ይሆናል፣ ዋልካ ደግሞ ጓል ጓል እየሆነ በመሃሉ አየር ስለሚይዝ ይብሳል። ይህ ሁሉ የት ይጣላል? በእጅ ጋሪ 60 ሊትር ገደማ ይጫናል፣ 18 ሜትር ኪዩብ ማለት 300 ጋሪ ነው። ቅያሱ ጠባብ ስለሆነ ሲኖትራክ አይገባም፣ አይሱዙም ቢሆን ከበሩ 40 ሜትር ርቆ ነው የሚቆመው። መሄጃ መመለሻው 4 ደቂቃ ቢፈጅ 20 ሰዓት ነው። ሁለት ጋሪ፣ አራት የቀን ሠራተኛ፣ ሁለቱ እየቆፈሩ ሁለቱ እየገፉ፣ ሦስት ቀን ያዝኩ። ሦስት ቀን ተኩል ፈጀ። ግማሹን ቀን ዝናብ በላው።

የሚገባው አፈር በተቃራኒው ነው፣ ይቀንሳል። ተጠቅጥቆ 11 ሜትር ኪዩብ እንዲሆን በልቅነቱ 20 በመቶ ጨምሬ 13.5 አሰብኩ። ከዚህ 10.5ቱ ቀይ አፈር፣ 3ቱ የበሰበሰ ፍግ። የአይሱዙውን ካሳ፣ ማለትም የጭነት ሳጥኑን፣ ራሴ ለካሁት፣ «አንድ ቢያጆ» (አንድ ጭነት) የሚለው ቃል እንደ ሹፌሩ ልብ ስለሚሰፋና ስለሚጠብ። 4 በ2 በ0.5፣ ማለትም 4 ሜትር ኪዩብ። ቀይ አፈሩ 3 ቢያጆ ሆነ፣ ትንሽ ትርፍ ያለው። የሚወጣው ደግሞ 5 ቢያጆ። ቀይ አፈር ያመጣው መኪና ባዶውን ከሚመለስ ዋልካውን ጭኖ እንዲሄድ ከሹፌሩ ጋር ተነጋገርን፣ ሦስቱን ቢያጆ በዚህ አቃለልን። ሁለቱን ለብቻ ከፈልን።

ፍጉ በጆንያ መጣ። አንድ የእህል ጆንያ ሙሉው 100 ሊትር ያህል ስለሚይዝ 30 ጆንያ። አራቱ ትኩስ ፍግ ሆነው ተገኙ፣ እጅህን ስትከት ይሞቃል፣ ሽታውም ዓይን ያስለቅሳል። ትኩስ ፍግ ሥር ያቃጥላል። አራቱን ከኮክ ዛፏ ጀርባ ከምረናቸው በ26 ቀጠልን።

የአሸዋው ነገር ጭቅጭቅ አስነስቶ ነበር። ከቤቱ ግንባታ የተረፈ አሸዋ ጥግ ላይ ተከምሯል፣ አክስቴም ሠራተኞቹም «ዋልካው ላይ ይደባለቅ፣ ያለሰልሰዋል» አሉ። ነገሩ ለጆሮ ይጥማል። ግን ጥቂት አሸዋ ከብዙ ሸክላ ጋር ሲቀላቀልና ሲደርቅ ጡብ ነው የሚሆነው። ዋልካን የሚያለሰልሰው ፍግ ነው። ስለዚህ የተቆፈረውን ወለል በዶማ ሰነጣጥቀን፣ አምስት ጆንያ ፍግ በትነንበት፣ ከላዩ ቀይ አፈሩን ከቀረው ፍግ ጋር አለበስነው። አሸዋው አሁንም ጥጉ ላይ ነው። አክስቴ ባዩት ቁጥር ያዩኛል።

ተዳፋቱን በውሃ ልክ ጎማ ያዝነው፣ ግንበኞች በሚይዙት ግልጽ ቀጭን ጎማ። ከቤቱ ወደ ውጭ በሜትር አንድ ሳንቲ ሜትር ተኩል ዝቅ እንዲል ነው የፈለግሁት፣ በ11.4 ሜትር 17 ሳንቲ ሜትር ገደማ። መሬቱ በተፈጥሮው ወደዚያ ያዘነበለ ስለነበር ብዙ አላስቸገረም። ጠቅጠቅ ለማድረግ በርሜል ግማሹን ውሃ ሞልተን በላዩ አንከባለልን።

ሳሩን ስንመርጥ የነበረውን ልጨምር። ሻጩ ያለው ኪኩዩ የሚባለው ነው፣ ስሙን ከኬንያው የኪኩዩ ሕዝብ ያገኘ፣ የምሥራቅ አፍሪካ ደጋ ተወላጅ። ጎንደር ከ2,100 ሜትር በላይ ስለሆነች አየሯ ይስማማዋል። አክስቴ ቅጠሉን በስልክ ፎቶ አይተው «ይኼ ሰርዶ አይደለም? ሰርዶ ነው በብር የምገዛው?» አሉ። ያደጉት ገጠር ነው፣ ከጤፍ ማሳ ሰርዶ ሲነቅሉ። ሰርዶ አለመሆኑን ነገርኳቸው እንጂ ጠባዩ ዘመድ ነው፣ መሬት ለመሬት እየሳበ፣ በየአንጓው ሥር እየሰደደ ይሄዳል። ይህ ጠባዩ በኋላ አዳነን።

ሳሩ ለብዙ ሰዓት ተከምሮ መቆየት አይችልም። ክምሩ ውስጡ ይግላል፣ በማግሥቱ ቢጫ ነው። ከባሕር ዳር እስከ ጎንደር 180 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። መኪናው ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተነሥቶ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ደረሰ። ከሻጩ ጋር የተስማማነው ያልደረቀ ግን ያልረጠበ ሆኖ፣ ሳር ከሳር አፈር ከአፈር ፊት ለፊት ተደርጎ እንዲጫን ነበር። አደረገው፣ እውነቱን ለመናገር። አንዱን ቁራጭ በእህል ሚዛን ላይ ሰቀልኩት፣ 10 ኪሎ። 240 ቁራጭ ሲሆን 2.4 ቶን ነው፣ ያውም በ40 ሜትር ቅያስ በሰው ትከሻ።

አሁን የእኔ ጥፋት። ሳሩ የሚሸጠው «ሁለቱ ቁራጭ አንድ ካሬ» እየተባለ ነው። ስለዚህ 120 ካሬ ማለት 240 ቁራጭ፣ አልኩ። ሲራገፍ ቆጠርኩ፣ 240፣ ልክ። ደስ አለኝ። ሦስት መደዳ ከዘረጋን በኋላ ሲባጎው ላይ ያሰብኩበት ቦታ አልደርስ አለ። አንዱን አንሥቼ ለካሁት፦ 90 በ50። ሌላም ለካሁ፣ ያው። አንድ ሜትር በ50 መሆን ነበረበት። 0.45 ሲባዛ በ240፣ 108 ካሬ። አሥራ ሁለት ካሬ የለም።

ደወልኩ። «ሲጓዝ ይኮማተራል» አለኝ። ጨርቅ የታጠበ መሰለው መሰለኝ። አሥር ሳንቲ ሜትር? ሁሉም እኩል? ጥሩነቱ ግማሹን ክፍያ ሳሩ ደርሶ ሲታይ ነው ያልኩት፣ ከቀሪው ላይ የ12 ካሬውን ቆረጥን። ተጨቃጨቀ፣ ተቀበለ። ግን ብሩ መቀነሱ መሬት አይሸፍንም። ዓመቱን ሙሉ ብሎኬት ስቀበል መጀመሪያ የማደርገው አንዱን አንሥቶ መለካት ነው፣ ሳር ሲሆን ቁጥር ቆጥሬ ዝም አልኩ።

የሚጎድለንን አሰላሁ። ከ108 ላይ አጥሩ ጋ፣ ዛፏ ዙሪያና መንገዱ ዳር ስንቆርጥ 6 ካሬ ገደማ ይሄዳል። መሬት ላይ የሚያርፈው 102 ነው። 9 ካሬ ይቀራል። ጉድለቱ በየቦታው ከሚበታተን አንድ ቦታ ይሰብሰብ አልኩ። በጎን በኩል ያለው ጠባቡ ክፍል መጨረሻ፣ ማዕድ ቤቱ ጀርባ፣ 3 በ3። ልክ ዘጠኝ ካሬ። እንግዳ የማያየው ቦታ።

የዘረጋነው ከድንጋይ መንገዱ ቀጥተኛ ጠርዝ ጀምረን ነው። መጋጠሚያው በሁለተኛው መደዳ እንዳይገናኝ እንደ ብሎኬት ግንብ እያፈራረቅን፣ ቁራጮቹን ሳንጎትት እያጠጋጋን። ሠራተኞቹ ይህን ለማስረዳት አንድ ቃል ነው የፈጀብኝ፣ ብሎኬት። ሰው እርጥቡ አፈር ላይ እግሩ እንዳይቀረጽ ጣውላ አንጥፈን በእሱ ላይ ሄድን። ትንንሽ ቁራጭ ጠርዝ ላይ አላስቀመጥንም፣ ጠርዝ ቀድሞ ይደርቃል፣ ሙሉውን ጠርዝ ላይ አድርገን ትንሹን ወደ መሃል። ከቀኑ 11 ሰዓት ላይ አለቀ። የሮቶዋ ውሃ ሙሉ በሙሉ ሄደ። አንዱን ጥግ ገልጬ አየሁ፣ ከሥር ያለው አፈር እስከ ጣት ርዝመት ርሷል። በማግሥቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ዝናቡ መጣ፣ አክስቴም በረንዳ ላይ ቆመው እልል አሉ።

የዘጠኝ ካሬውን ነገር በቁርጥራጮቹ ፈታነው። ከጠርዝ የተቆረጡትን በቡጢ ልክ ልክ እየቆራረጥን በ30 ሳንቲ ሜትር ርቀት እንደ ሽንኩርት ተከልናቸው። አሥር መደዳ በአሥር፣ መቶ ቁራጭ። የተተከለው ሳር አንድ ካሬ አይሞላም።

ከዚያ በኋላ የሆነው ሁሉ ያማረ አልነበረም። ሦስት ማዕዘኑ ጫፍ፣ አጥሩ ጥግ፣ በሦስት ሳምንት ወደ ሦስት ሳንቲ ሜትር ሰመጠ። በርሜሉ እዚያ ጥግ አልዞረም ነበር፣ በእግር ብቻ ረገጥነው። ውሃ ቋጠረ፣ ሳሩ ቢጫ ሆነ። ከሦስተኛው ቢያጆ የተረፈ ቀይ አፈር ነበረን፣ አክስቴ «ለምን አታስጥለውም» ሲሉኝ የነበረው። ሳሩን ገልጠን፣ አፈሩን ሞልተን፣ መልሰን አለበስነው። ያዘ።

በወር ከግማሽ ዩሪያ ተሰጠው። በካሬ 10 ግራም፣ ለጠቅላላው አንድ ኪሎ ከትንሽ። አክስቴ ግማሽ ኩንታል አስገዝተው ጠበቁኝ። ቀሪው ወደ ገጠር ለወንድማቸው በቆሎ ሄደ፣ ስለዚህ አልከሰርንም። የመጀመሪያውን አጨዳ በማጭድ አደረግነው፣ ሲሶውን ብቻ፣ ከዚያ በላይ ከተቆረጠ ይደነግጣል።

ጥር ላይ ድንኳኑ ሦስት ቀን ቆመበት። ሲነሣ ከሥሩ ያለው ሳር የጤፍ ገለባ መስሎ ነበር። በአሥር ቀን ተመለሰ።

ማዕድ ቤቱ ጀርባ ያለው ዘጠኝ ካሬ እስከ ኅዳር መጨረሻ ተገናኝቶ ነበር፣ መቶዎቹ ቁራጮች የት እንደነበሩ መለየት አይቻልም። ታኅሣሥ ላይ ልጠይቅ ስሄድ አክስቴ የሠርጉን በርበሬ በላስቲክ ዘርግተውበታል፣ ሳምንት ሆኖታል። ላስቲኩን ገለጥ አድርጌ ከሥር ያለውን ነጭ ሳር አየሁ። «እቴቴ፣ ይኼ እኮ ስንት ተለፍቶበት ነው» አልኳቸው።

«የኔ ልጅ፣ ንጹሕ ቦታ ስላገኘሁ ነው እንጅ» አሉኝ፣ በርበሬውን እያገላበጡ።